ሠርገኛ ሳይመጣ በርበሬ እንቀንጥስ

«ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው በዚህ ግቢ ውስጥ ያለ አይመስለንም። ሁላችንም ከእናቶቻችን አፍ ሰምተነዋል፤ ሰምተንም ስቀንበታል። ይሁን እንጂ ተረቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በርበሬውን አስቀድሞ መቀንጠስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እኛ አራት ጓደኛሞች የሁለቱን ልዩነት የተማርነው ባለፈው ዓመት በአንድ ሌሊት ነው። የከፈልንበት ዋጋ ከባድ ስለሆነ ሌላው ሳይከፍል ይማርበት በማለት በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ልንጽፈው ወሰንን። ዋናው ባለጉዳይ የሆነው ጓደኛችንም ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብቦ «ይለጠፍ» ብሎናል።

በቅድሚያ ስለ ራሳችን ጥቂት እንበል። አንዳችን ከመንዝ፣ አንዳችን ከአንኮበር፣ አንዳችን ከምንጃር፣ አንዳችን ከቡልጋ የመጣን ነን። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን በየሀገራችን ጨርሰን እዚህ ስንገናኝ፣ ከማሠልጠኛው አጥር ውጭ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራየን። ከምንጃር የጤፍ ዱቄት፣ ከመንዝ በሶ፣ ከአንኮበር ሽሮ፣ ከቡልጋ በርበሬ መጣ። ጆንያዎቹን በአንድ ጥግ ደረደርናቸው፤ አንድ ምድጃ፣ ሁለት ድስትና አራት ፍራሽ ገዛን። ይህም ማለት ሳናውቀው ቤት መሠረትን ማለት ነው።

ቤት ከተመሠረተ በጀት ያስፈልገዋል አልንና አንድ ምሽት ተቀምጠን በደብተር ላይ ጻፍን። ኪራይ፣ መብራትና ውኃ፣ ከሰል፣ ወፍጮ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒ። ደመርነው፤ ከየቤታችን በየወሩ ከሚላክልን ጋር እኩል መጣ። አንዲት ብር አልተረፈችም፣ አንዲት ብርም አልጎደለችም። ሒሳብ የሚያስተምሩን መምህር ቢያዩት ሙሉ ማርክ በሰጡን ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ የረሳነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ያልታሰበ ነገር ነው።

ያልታሰበው ነገር ለመምጣት ብዙ አልቆየም። መስከረም ሳይወጣ የኤሌክትሪክ ምድጃችን ሽቦ ተቃጠለ፤ ለማስጠገን 150 ብር ወጣ። በሳምንቱ የአንኮበሩ ጓደኛችን ራሱን ያዘ። የከተማው ብርድ ነው ብለን ዝንጅብል በሻይ አጠጣነው፤ ምን ዋጋ አለው፣ በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ባሰና ወደ ሕክምና ወሰድነው። ታይፎይድ ነው ተባለ። ካርድ፣ የደም ምርመራና መድኃኒት ተደምሮ 700 ብር ሆነ። እሱ ከአልጋ ሳይነሣ የበራችን ቁልፍ ውስጡ ተሰበረና ሌላ ለመግዛት 300 ብር ከፈልን። ድምሩ 1,150 ብር መሆኑ ነው። ለአራት ሠልጣኞች ይህ ተራራ ነው። ከየት አመጣችሁት ብትሉን መልሳችን አጭር ነው፤ ገንዘቡን ካለችን ላይ አወጣንና ዘይቱንም፣ ሳሙናውንም፣ ሽንኩርቱንም ከሰፈሩ ባለሱቅ በዱቤ ወሰድን።

ዱቤ ያለበት ሰው መንገድ ይረዝምበታል። ከቤታችን እስከ ማሠልጠኛው በር በሱቁ ፊት ለፊት ቢኬድ አምስት ደቂቃ አይሞላም። እኛ ግን በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዞረን፣ ጭቃውን ተሻግረን፣ አሥራ አምስት ደቂቃ እንሄድ ጀመር። ባለሱቁ ጋሼ አንድ ቀን እንኳ «ክፈሉኝ» ብለውን አያውቁም። ያስዞረን የገዛ ራሳችን እፍረት ነው። በዚያ ወር የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ለምን እናረፍድ እንደነበር መምህሮቻችን ዛሬ ምክንያቱን ያውቁልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ዕዳውን ጥቅምት መጨረሻ ላይ እንደ ምንም ከፍለን ስንጨርስ መላ መታን። አንድ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ክዳኑን በቢላዋ ሰነጠቅንና ከኅዳር ወር ጀምሮ በየወሩ እያንዳንዳችን መቶ፣ መቶ ብር እንድንጥል ተስማማን። በኅዳር 400፣ በታኅሣሥ 400፣ በጥር መጀመሪያ 400 ብር ገባ። በዚህ መካከል የሰፈር ልጆች ኳስ መስኮታችንን ሰበረው፤ ለመስተዋቱ 140 ብር ከቆርቆሮው ወጣ። አንድ ነገር ተሰብሮብን ዱቤ ሳንገባ የቀረነው ያን ጊዜ ነው። ደረታችንን ነፋን። በሱቁ ፊት ለፊት ቀጥ ብለን አለፍን።

አከራያችን እማማ ቆርቆሮውን ያዩት በዚያ ሰሞን ነው። «ደግ አደረጋችሁ ልጆቼ፤ ብቻ እቁብ እንዳይመስላችሁ» አሉን። ልዩነቱ ምንድን ነው ብለን ስንጠይቃቸው እንደሚከተለው አስረዱን። እቁብ ሁሉም እኩል እየጣለ በዕጣ ተራ በተራ የሚወስደው ነው። ለአልጋ መግዣ፣ ለቤት ማሳደሻ፣ ለንግድ መነሻ የሚሆን ጥሩ ነገር ነው፤ ዕጣው የሚወጣው ግን ችግርህ በመጣ ቀን ላይሆን ይችላል። እድር ደግሞ በየወሩ የሚከፈል የለቅሶ ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ያቀርባል፣ ለሐዘንተኛው ቤት ገንዘብ ይሰጣል። «እኔ ሁለቱም አሉኝ፤ ነገር ግን በእቁብና በእድር መካከል ክፍተት አለ» አሉ እማማ። «በክፍተቱ ውስጥ የሚገባው በሽታ አለ፣ ስብራት አለ፣ ድንገት ተነሥቶ መሄድ አለ። ለዚህ ለዚህ እናቴ ዶሮዎች ነበሯት፤ አባቴ በግ ነበረው። ቀን ሲከፋ አንዱን ይዘው ገበያ ይወጣሉ። እኔ ከተሜ ሆኛለሁና ሣጥን አለኝ፤ እናንተም ይህችን ቆርቆሮ አትናቋት።»

እኛ ጥሩ ተማሪዎች ነንና ራሳችንን ነቀነቅን። አልገባንም ነበር።

ጥምቀት ደረሰ። በሰፈሩ ቅርጫ ሊታረድ ነው፤ እናንተስ አትገቡም ወይ ተባልን። የክፍል ጓደኞቻችንን ቤታችን ጠርተናል፤ በሽሮ ልንሸኛቸው ነው እንዴ? ከአራታችን አንዱ «ቆርቆሮው አለ አይደል» አለ። ማን እንዳለው ዛሬ አንጽፍም፤ ሌሎቻችንም ከመቅጽበት ተስማምተናልና። «ብድር ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት እጥፍ እየጣልን እንመልሰዋለን» ተባባልን። ከ1,060 ብር ላይ 1,000 ብር አወጣን። ሥጋው ጥሩ ነበር፤ ዳንሱም ደምቆ ነበር። ፎቶዎቹ እስከ አሁን በስልኮቻችን ውስጥ አሉ። በቆርቆሮው ውስጥ 60 ብር ቀረ።

ጥር 26 ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከእኛ የአንዳችን ስልክ ጮኸ። የመንዙ ጓደኛችን አጎት ነበሩ። የደወሉት ለእሱ ሳይሆን ለእኛ መሆኑ ብቻ ነገሩን ነገረን። «አጠገብህ ነው?» አሉ። «የለም፤ ውጭ ውኃ እየቀዳ ነው» ተባሉ። «እናቱን አሟት ነበር፣ ጠንቶባታል። ጧት በመጀመሪያው መኪና አሳፍሩልን። ብቻውን እንዳትለቁት፤ ሰው ይከተለው» አሉና ዘጉ። ከድምፃቸው ኋላ ለቅሶ ይሰማ ነበር። በሀገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም። የተባለው «ጠንቶባታል» ነው፤ የሰማነው ግን ሌላ ነው።

ጓደኛችን ጀሪካኑን ይዞ ገባ። «እናትህን ትንሽ አሟታል፤ ጧት ደርሰህ ብትመለስ ይሻላል» አልነው። ፊታችንን አየ፤ ምንም አልጠየቀንም። ልብሱን በቦርሳ ከተተና ፍራሹ ላይ ጋደም አለ። እኛ ሦስታችን ከቤቱ ጀርባ ወጥተን በስልክ መብራት ገንዘብ ቆጠርን። የቆርቆሮው 60 ብር፣ የሦስታችን ኪስ 115 ብር፤ በጠቅላላው 175 ብር። እስከ ሀገሩ የአንድ ሰው መሳፈሪያ 450 ብር ነው። ከእሱ ጋር አንድ ሰው መሄድ አለበትና ለሁለት 900 ብር ያስፈልጋል።

እማማ ለክርስትና ሸኖ ሄደው ስለነበር በራቸው ተዘግቷል። ወደየቤታችን ደወልን። የአንዳችን ቤተሰብ ስልክ ተዘግቷል፣ የሁለተኛው ሀገር ኔትወርክ የለውም፣ የሦስተኛው አባት ተነሥተው «ልጄ፣ እጄ ላይ የለም፤ ጧት ሰው ጠይቄ እልክላችኋለሁ» አሉ። ከጎረቤት ሠልጣኞች ሁለት በር አንኳኳን፤ ወሩ መጨረሻ ስለሆነ እነሱም እንደኛው ነበሩ። ከሐዘን ቤት ደውሎ የመሳፈሪያ ገንዘብ ላኩልን ማለት ደግሞ ከአፋችን አልወጣም። ያን ሌሊት ከእኛ የተኛ የለም። ሁለት ሳምንት አስቀድመን የበላነው ሥጋ ሆዳችን ውስጥ እንደ ድንጋይ ተመልሶ የተቀመጠ መሰለን።

ወደ መንዝ የሚሄደው አውቶቡስ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሣ፤ ጓደኛችን አልተሳፈረበትም። ባለሱቁ ጋሼ ሱቃቸውን የከፈቱት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ገና ሳንጨርስ ነገሩ ገብቷቸው 500 ብር ቆጥረው ሰጡን። «ሌላ ቢኖረኝ እሰጣችሁ ነበር፤ ትናንት ዕቃ አስገብቼ ነው» አሉ። በዚህ ገንዘብ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለሆነም ጓደኛችን ብቻውን ተሳፈረ። ቀጥታ መኪና ስላልነበረ እስከ ጣርማ በር በአንዱ ሄደ፤ እዚያ ወደ መንዝ የሚታጠፍ ሌላ መኪና እስኪያገኝ በብርድ ቆመ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ቢሄድ ኖሮ አምስት ሰዓት ላይ ከቤቱ ይደርስ ነበር። እሱ የደረሰው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሕዝቡና ካህናቱ «ልጁ መንገድ ላይ ነው» ተብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀውት ነበር፤ ከዚያ በላይ ማቆየት አልተቻለም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኛቸው። የእናቱን መሞት ያወቀውም በዚያች ሰዓት ነው፤ ከሰዎቹ አለባበስ አወቀው። አጠገቡ የሚይዘው ጓደኛ አልነበረም።

የእናቱ እድር ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ንፍሮው ተቀቅሏል፤ ሰው በወጉ ተስተናግዷል። ነገር ግን የልጁ መሳፈሪያ በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የለም። እማማ ክፍተት ያሉት ይህንን መሆኑ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ሒሳቡን ደግመን ሠራነው፤ አሁንም ሳንወድ እንሠራዋለን። በቆርቆሮው ውስጥ 1,060 ብር ነበረ። ለሁለት ሰው የሚያስፈልገው 900 ብር ነው። ባንነካው ኖሮ ሁለት ሰው በመጀመሪያው መኪና ሄዶ 160 ብር ይተርፍ ነበር። ድህነታችን አይደለም ያስቀረው። ገንዘቡን አጠራቅመነዋል፤ አጠራቅመን አጠፋነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ እኛንም እየሳቅን ወሰደን።

ጓደኛችን በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ጠጉሩን ተላጭቷል። እኛ ይቅርታ የምንጠይቅበትን ቃል ስንፈልግ እሱ ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል አልተናገረም። በማግሥቱ ጧት ከቤት የተሰጠውን ገንዘብ ፈትቶ፣ ከሁላችን ቀድሞ መቶ ብር በቆርቆሮው ስንጥቅ አስገባ። የብሩ ድምፅ አይሰማም፤ እኛ ግን ሰምተነዋል። ብንሰደብ ይሻለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ስለ ነገሩ በትክክል ማሰብ የጀመርነው። ለመሆኑ ድንገተኛ ወጪ ማለት ምን ማለት ነው? ምድጃ ይቃጠላል፤ ቁልፍ ይሰበራል፤ ሰው ይታመማል፤ ወላጅ ያልፋል። ከእነዚህ ውስጥ ይመጣል ብለን የማናውቀው የትኛው ነው? አንድም የለም። የማናውቀው ቀኑን ብቻ ነው። እንግዲህ ድንገተኛ ወጪ የምንለው ቀኑ እንጂ መምጣቱ ድንገተኛ አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ ጥምቀት በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ነው። በድንገት መጥቶ አያውቅም። ቀኑ የታወቀውን በዓል ቀኑ ላልታወቀው ችግር በተቀመጠ ገንዘብ ማክበራችን ነው ስሕተታችን። በዓል አይከበር ማለታችን አይደለም፤ በዓል የራሱ መደብ ይኑረው ማለታችን ነው።

በዚህ መሠረት ከራሳችን ስሕተት የሚከተሉትን ደንቦች አወጣን። በወረቀት ጽፈን ከቆርቆሮው በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈናቸዋል።

አንደኛ፣ የድንገተኛው ገንዘብ የሚቀመጠው ከወር ወጪ ከተረፈው አይደለም፤ ገንዘቡ በእጃችን በገባበት ቀን ከሁሉ በፊት ነው። የተረፈ እናስቀምጥ ካልን የሚተርፍ እንደሌለ በመስከረም አይተነዋል።

ሁለተኛ፣ ድንገተኛ የሚባለው አስቀድሞ ተዘርዝሯል። ሕመም፣ የወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ችግር፣ ሳይጠገን የማያሳድር የቤት ስብራት። ከዚህ ውጭ ያለው፣ ጫማም ይሁን ፎቶም ይሁን በዓልም ይሁን፣ ቢያምረንም አይገባም። ሲያምረን የምንፈርድ ዳኞች ስለማንሆን ሳያምረን ፈርደን አስቀምጠናል።

ሦስተኛ፣ ወለል አበጅተናል። ወለል ማለት ለሕይወትና ለሞት ካልሆነ በቀር የማይነካ ገንዘብ ነው። ልኩም ከአራታችን ሀገሩ የሚርቀው ልጅ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሌሊት ተነሥቶ ሊሄድበት የሚችል መሳፈሪያ ነው። አምና 900 ብር የነበረው ዘንድሮ ዋጋው ስለ ጨመረ 1,200 ብር ሆኗል። መዋጮአችንንም ከመቶ ወደ 150 ብር ከፍ አድርገነዋል። ስለዚህ ቆርቆሮው ባዶ ቢሆን እንኳ ወለሉ በሁለት ወር ይሞላል።

አራተኛ፣ ቆርቆሮው በቁልፍ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ከአንዱ ጋር፣ ቁልፉ ከሌላው ጋር ይቀመጣል። ሲወጣም ሲገባም ቀኑ፣ መጠኑና ምክንያቱ በደብተር ይጻፋል። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ «ብድር ነው» ስንባባል ሁላችንም እንተማመን ነበርና።

አምስተኛ፣ የወጣው በሁለት ወር ውስጥ ይተካል። የታመመው ልጅ ብቻውን አይተካም፤ አራታችንም እኩል እንተካለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህንን ሲያዩ «በዚህ የኑሮ ውድነት ብር ማስቀመጥ ብርን ማክሳት አይደለም ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ተደርጎ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በባንክ የተቀመጠው ይከሳል፤ በቆርቆሮ ያለው ደግሞ የበለጠ ይከሳል። እማማም በበኩላቸው በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩና የ200 ብር ኖት ሲወጣ፣ የሣጥናቸውን ብር ለማስለወጥ ከባንክ በር ተሰልፈው መዋላቸውን አጫውተውናል። ልጅ ሳሉ በ1969 ዓ.ም. ብር ሲቀየር እናታቸውም እንዲሁ ተጨንቀው እንደነበር ያስታውሳሉ። እኛም ከዚህ ተምረን ወለሉን ብቻ በጥሬው በሣጥኑ እናስቀምጣለን፤ ከወለሉ የተረፈውን በአንዳችን የባንክ ሒሳብ እናስገባለን። መዋጮውንም በየዓመቱ መስከረም ላይ ከዋጋው ጋር እናስተያያለን። ቢሆንም አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ የዚህ ገንዘብ ሥራ ማትረፍ አይደለም፤ በሌሊት መገኘት ነው። በዚያ ሌሊት የከሳም ቢሆን 900 ብር ቢገኝ ኖሮ ስለ ወለዱ የሚጠይቅ ከእኛ መካከል አልነበረም።

ደንቡ ከወጣ ወዲህ ቆርቆሮው ሦስት ጊዜ ተከፍቷል። አንድ ጊዜ ለጥርስ ሕመም፣ አንድ ጊዜ ዝናብ ላስገባ ጣሪያ የእኛን ድርሻ ለመክፈል፣ አንድ ጊዜ የቡልጋው ጓደኛችን ወንድም እግሩ ተሰብሮ ለመሄድ። የመጨረሻው የሆነው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ደብተሩን ፈርመን፣ ሣጥኑን ከፍተን፣ 12 ሰዓት ላይ ሁለት ሰው አሳፈርን። ከሁለቱ አንዱ የመንዙ ጓደኛችን ነው። «እኔ እከተለዋለሁ» ያለው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ የእኛ የአንዲት ክፍል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጣውን ቦታ ባልወሰድን ነበር። ሁላችንም ነገ መምህራን እንሆናለን። ብዙዎቻችን የምንመደበው ባንክ ከሌለበት፣ መኪና በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ብቻ ከሚገባበት ቀበሌ ነው። አስቀድመው የተመረቁት እንደሚነግሩን፣ አዲስ መምህር የመጀመሪያ ደመወዙን እስኪያገኝ ድረስ ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል። እዚያ ሀገር ለእንግዳ መምህር ወዲያው እድር የለውም፤ እቁብም አይገባም፤ ዱቤ የሚሰጠውም የተማሪው አባት ነው። የዱቤ ዕዳ ያለበት መምህር በወፍጮ ቤት ጀርባ እየዞረ ልጆችን በድፍረት ሊያስተምር አይችልም፤ እኛ ሞክረነዋልና እናውቀዋለን። በመሆኑም ይህንን ልማድ እዚህ ሳለን፣ በመቶ ብር መለማመድ ይሻላል።

ስለዚህ በየክፍሉ አብራችሁ የምትኖሩ ሠልጣኞች ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ አንድ ነገር ብቻ እንድትጠያየቁ እናሳስባለን፤ ከመካከላችን ሀገሩ የሚርቀው ማነው? እሱ ከነጓደኛው ሌሊት ቢነሣ መሳፈሪያው ስንት ነው? መልሱን ካገኛችሁ ወለላችሁን አገኛችሁ ማለት ነው። መምህሮቻችንም በገጠር ትምህርት ቤቶች ሳሉ እንዲህ ያለውን ቀን እንዴት እንዳለፉት በዚሁ ጋዜጣ ቢጽፉልን እጅግ እንማርበታለን።

ጥምቀት ዘንድሮም ጥር 11 ቀን ነው። ለቅርጫው ከኅዳር ጀምሮ በሌላ ጣሳ ሃምሳ፣ ሃምሳ ብር እየጣልን ነው። ሥጋው አምና ከገዛነው ያንሳል። የመንዙ ጓደኛችን ግን አብሮን እንደሚበላ ነግሮናል።